«እኔ ልጆቼን ነክቼ አላውቅም»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የደረሰኝ ከየካ አባዶ ነው። ጸሐፊው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬአለሁ፤ ረዘም ስለሚልም አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን የምታነበው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ስጽፍልዎ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬ 38 ነው። በሕንፃ ሥራ ላይ ፎርማን ነኝ። የ10 ዓመት ሴት ልጅና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ተወልጄ ያደግኩት ካዛንቺስ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ደርሶን የካ አባዶ ከገባን ስድስት ዓመት ሆኖናል።

ችግሬ ልጁ ነው። መዋዕለ ሕፃናት ከገባ ጀምሮ አስተማሪዎቹ በየጊዜው ይጠሩኛል። ጓደኞቹን ይመታል፣ ይነክሳል። ይባስ ብሎ ፊደል ማስቆጠር ሲጀመር ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። አልጋ ላይ መሽናት ከተወ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ አሁን እንደገና ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እህቱን ‹ዝም በይ፣ ጥርስሽን እንዳላረግፈው› ሲላት በጆሮዬ ሰማሁት። ልጅቷ ግን የተባረከች ናት። ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች፣ ድምፅዋ አይሰማም፣ አንድ ቀን አስቸግራን አታውቅም። እኔና እናቷ ስንጋጭ እንኳ ወንድሟን ይዛ መኝታ ቤት ትገባና በሩን ዘግታ ጮክ ብላ ፊደል ታስቆጥረዋለች።

እውነቱን ልናገር፤ ከባለቤቴ ጋር እንጋጫለን፣ አንዳንዴም እጄን አነሣባታለሁ። ሥራ ቦታ ኢንጂነሩ በሠራተኛ ፊት ሲያዋርደኝ ይውላል። አመሻሽ ላይ አንድ ሁለት ብዬ ስገባ ትንሹ ነገር ያበሳጨኛል፣ ራሴን መቆጣጠር ያቅተኛል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ከተኙ በኋላ ነው። እኔ ልጆቼን ነክቼ አላውቅም። ደግሞስ እኔም አባቴ እናቴን ሲመታ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ምን ሆንኩ? ልጁን ጠበል ልውሰደው ወይስ ሐኪም ጋ? ትምህርት ቤት ልቀይርለት? ባለቤቴም ሰሞኑን እናቴ ዘንድ እሄዳለሁ እያለች ነው፤ ሽማግሌ ልላክባት?»
ግራ የገባው አባት

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ልጅህ ፊደል የሚፈራበትን ምክንያት አንተው ራስህ እንደጻፍከው አየሁ። ግማሹን ወንዱን ልጅ ስትከስስ፣ ግማሹን ሴቷን ስታመሰግን ስለጻፍከው ሁለቱን አላገናኘሃቸውም። ስለዚህ ከጠበሉም ከሐኪሙም በፊት እነሱን ላገናኝልህ።

እህቱ በሩን ዘግታ ወንድሟን አልጋው ላይ ታስቀምጠዋለች። «ሀ» ትላለች፤ «ሀ» ይላል። ከበሩ ወዲያ ያንተ ድምፅ ከፍ ይላል። «ሁ» ስትል እንዳይሰማው ብላ ድምፅዋን ካንተ ድምፅ በላይ ታደርገዋለች። «ሂ» ላይ ሲደርሱ አንድ ነገር ይወድቃል፤ ሳህን ይሁን ሰው ልጁ አያውቅም። ከዚያ እናቱ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ ከጩኸቷ የበለጠ ያስፈራዋል። እህቱ ማስቆጠሯን አታቋርጥም። ካቋረጠች ይሰማልና።

ሌላው ልጅ ፊደልን ከአስተማሪው አፍ ወይም አያቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ያንተ ልጅ የሰማው እናቱ ስትመታ ነው። እና አሁን አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃናት በአንድ ድምፅ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ሲሉ እሱ ከፊደሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ነው የሚጠብቀው። ልጁን ፊት ለፊት አላየሁትም፤ ቢሆንም አንተ የጻፍካቸውን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልገኝም። ጠረጴዛ ሥር መግባቱን ብልግና አትበለው። የ5 ዓመት ልጅ ማድረግ የሚችለው ያንን ብቻ ነው።

እኔ ይህን ዓምድ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ለ22 ዓመታት አንደኛ ደረጃ አስተምሬአለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት እናንተው አካባቢ፣ ከከተማው ዳር ባለ ትምህርት ቤት። አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። አባቷ በምን ስሜት ቤት እንደገባ ከቁልፉ ድምፅ እንደምታውቅ ነገረችኝ። ቁልፉ ቀዳዳውን በአንድ ጊዜ ካገኘ ሰላም ነው። ብረቱን እየጫረ ከፈለገ ግን ተነሥታ ከምድጃው ላይ ድስቱን ታወርዳለች፤ ምክንያቱም አንድ ቀን ድስቱ ከነወጡ ተወርውሮ ነበር። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ስለ ቤት ሥራዋ እንደሚያወራ ሰው ነበር የምትናገረው። ስምንት ዓመቷ ነበር። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ «ልብሽ የት ነው? ለምን አታዳምጪም?» ስላት ነበር የከረምኩት። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ልጆች ከተኙ በኋላ ነው» ትላለህ። ወንድሜ፣ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ምን እንደሆነ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሥራህ ነው። የላይኛው ፎቅ ላይ ቡና ሲወቀጥ የምትሰማ ሰው፣ በአንዲት ብሎኬት ማዶ የተኙ ልጆችህ የእናታቸውን ጩኸት አይሰሙም ብለህ እንዴት አሰብክ? አልጋ ውስጥ ዓይኑን የጨፈነ ልጅ ሁሉ የተኛ አይደለም። የተኛውም ቢሆን ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ6 እስከ 12 ወር የሆናቸውን ሕፃናት አእምሮ፣ እንቅልፍ ላይ እንዳሉ፣ በምርመራ መሣሪያ ተመልክቶ ነበር። ተኝተው ሳለ የተቆጣ ሰው ድምፅ ያሰሟቸዋል። ወላጆቻቸው ብዙ የሚጋጩባቸው ሕፃናት አእምሮ፣ ጭንቀትንና ስሜትን በሚቆጣጠሩት ክፍሎቹ በኩል፣ ከሌሎቹ የበለጠ ሲነቃ ታየ። ገና አፋቸውን ያልፈቱ ሕፃናት ናቸው፣ ያውም እንቅልፍ ላይ። «ልጅ ምን ያውቃል» የሚለው አባባላችን ስንት ልጅ እንደጎዳ ቤት ይቁጠረው።

ነገሩ በሰውነት ውስጥ እንዲህ ነው የሚሠራው። አእምሮአችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፤ ሥራዋ አደጋ ሲመጣ ማስጠንቀቅ ነው። እሷ ስትነቃ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ኮርቲሶል የሚባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይጨምራል፣ ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይሰናዳል። ይህ ማታ ጅብ ለሚገጥመው ሰው ነፍስ የሚያድን ነገር ነው። ጅቡ ሲሄድ ሁሉም ይረግባል። ጅቡ ቤት ውስጥ የሚኖር ከሆነ ግን፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ የልጁ ሰውነት መርገብን ይረሳል። በማደግ ላይ ያለ አእምሮ ዋና ሥራው መማር፣ መጫወት፣ ከሰው ጋር መላመድ መሆኑ ይቀርና ዘብ መቆም ይሆናል። ክፍል ውስጥ ጓደኛው በድንገት እጁን ሲያነሣ፣ ኳስ ለመጠየቅ ይሁን ለመምታት አያጣራም፤ ቀድሞ ይመታል። ይነክሳል ያልከው ይህንን ነው። አልጋ ላይ መሽናቱም እንደዚሁ። በደኅና ጊዜ የተማረውን ነገር ሰውነቱ በክፉ ጊዜ ጥሎታል። በዚህ ብትቆጣው፣ ብታሳፍረው ይብስበታል።

«ጥርስሽን እንዳላረግፈው» የሚለውን ግን ከመዋዕለ ሕፃናት አላመጣውም። ያንተ ዐረፍተ ነገር ነው። በቤቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው ያየው፤ መቺና ተመቺ። አምስት ዓመቱ ቢሆንም ከሁለቱ የትኛውን መሆን እንደሚሻል ገብቶታል። ሰው ሲከፋው ምን ይላል፣ ሲናደድ ምን ያደርጋል፣ ካጠፋ በኋላ እንዴት ይታረቃል? እነዚህን ልጅ የሚማረው ወላጆቹን እያየ ነው፤ ያላየውን ደግሞ ከየትም አያመጣውም።

አሁን ወደ ሴት ልጅህ ልምጣ። ለእሷ ከወንዱ ይልቅ እፈራለሁ። እሱ ቢያንስ እየጮኸ ነው፤ ይመታል፣ ይነክሳል፣ አስተማሪ ያስጠራል። ለእሷ ማንም አልተጠራም፤ «የተባረከች» ብለህ አልፈሃታል። ድምፅዋ አይሰማም ትላለህ። ድምፅ የማታሰማው ድምፅ አደገኛ እንደሆነ ስላወቀች ነው። አንደኛ የምትወጣው ጎበዝ ስለሆነች ነው፤ ያንን አልወስድባትም። ነገር ግን የሪፖርት ካርድ ቀን ቤቱ ሰላም እንደሚያድር አስልታ እንደሆነስ? በሕይወቴ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ አስተምሬአለሁ። ሰው ሁሉ ጨዋ ይላቸዋል። የአዋቂን ፊት እንደ መጽሐፍ ያነባሉ፤ «ራሳችሁስ ምን ትፈልጋላችሁ?» ሲባሉ መልስ የላቸውም። ጓደኛ ቤት ይዘው አይመጡም፤ ቢመጣስ ምን ሊያይ ነው? ታች ግቢ ወርደው ሱዚ አይዘልሉም፤ እነሱ ወርደው ላይ ቤት አንድ ነገር ቢፈጠርስ? ከሆድ ቁርጠትና ከራስ ምታት አይለዩም፤ ጤና ጣቢያ ሲወሰዱ ምንም አልተገኘም ይባላል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ልጅህ ለመጨረሻ ጊዜ ጓደኛዋን ቤት ያመጣችው መቼ ነው?

የ10 ዓመት ልጅህ አንተ ያፈረስከውን ቤት በሀ ሁ ደግፋ ይዛለች። ይህንን ጽፈህ በማግስቱ ሥራ ገብተሃል።

«እኔም እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ምን ሆንኩ?» ለሚለው ጥያቄህ መልሱን አንተ ታውቀዋለህ። አባትህ እናትህን ሲመታ የት ነበርክ? አልጋ ሥር? በር ኋላ? ያኔ የተሰማህን አስታውሰህ ጻፍልኝ ብልህ ብዙ ገጽ የምትጽፍ ይመስለኛል። ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ የተባሉ ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ላሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ሳንዲያጎ ከ9,000 በላይ አዋቂዎችን ስለ ልጅነታቸው ጠይቀው ነበር። ከቆጠሯቸው ሰባት ዓይነት የልጅነት ጉዳቶች አንዱ እናት ስትመታ ማደግ ነው። ልጁ ራሱ ተመትቶ ባያውቅም ይቆጠራል። አራትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ሰዎች ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ በመጠጥ ሱስ፣ በድብርት፣ ራስን ለማጥፋት በመሞከር በኩል ከ4 እስከ 12 እጥፍ የበለጠ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። አንተ «አንድ ሁለት» የምትለው መጠጥና የምታነሣው እጅ ከየት እንደመጡ እዚህ ላይ ፍንጭ አለ። እንዲህ ያደገ ሁሉ ይመታል ማለቴ አይደለም፤ እንዳንተው አድገው «እኔ ጋ ይብቃ» ያሉ ብዙ ወንዶች አሉ። ስለዚህ አባትህን ምክንያት ማድረግ ትችላለህ፣ ማመካኛ ግን አታድርገው።

ራሴን መቆጣጠር ያቅተኛል ያልከውን አልቀበልህም። ኢንጂነሩ በሠራተኛ ፊት ሲያዋርድህ እጅህ አልተነሣም። ከመገናኛ ታክሲ ስትጠብቅ ቆይተህ፣ ስትጋፋ፣ ረዳቱ መልስ ሳይሰጥህ ሲቀር እሱንም አልመታህም፤ ያውም ቀምሰህ ነው። ደረጃውን ወጥተህ፣ በሩን ከፍተህ፣ ከውስጥ ዘግተህ ነው እጅህ የሚነሣው። ራስህን መቆጣጠር በደንብ ትችላለህ። የት ማድረግ እንደምትችል መርጠሃል፣ በማን ላይ እንደሆነም መርጠሃል። ይህ ሲነገርህ እንደሚያምህ አውቃለሁ፤ ግን ተስፋዬም እዚህ ላይ ነው። የመረጠ ሰው ሌላ መምረጥ ይችላልና።

ባለቤትህ እስካሁን መታገሷን ደግሞ እንደ ስምምነት አትቁጠረው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 63 በመቶ የሚሆኑት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ብለው ነበር፤ ከወንዶቹ እንዲህ ያሉት 28 በመቶ ናቸው። ይህ ቁጥር ሁልጊዜ ያስለቅሰኛል። ሴቶቻችን ከመቺዎቹ በላይ ዱላውን አምነውበታል፤ እናቶቻችን «ቻይው፣ ለልጆችሽ ስትይ» እያሉ አሳድገውናል። ካዛንቺስ ሳለህ አንድ ጥቅም ነበር፤ የግቢው እናቶች ጩኸት ሲሰሙ በር ይደበድቡ ነበር፤ የዕድር ሰው ጠርቶ ያሳፍር ነበር። የካ አባዶ ስትገቡ እያንዳንዱ የራሱን የብረት በር ዘግቶ ተቀመጠ፤ ጎረቤት ጩኸት ሲሰማ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይጨምራል። እናንተ ጎረቤቶችም ይህን ካነበባችሁ፣ ገመና መሸፈን ማለት ሰው ሲደበደብ ዝም ማለት አይደለም። ሰበብ ፈልጋችሁ አንኳኩ፤ ሽንኩርት ተበደሩ፣ ውኃ መጥታ እንደሆነ ጠይቁ።

ጥያቄዎችህን በቶሎ ልመልስ። ጠበል፤ እምነትህ ነውና ወስደኸው መምጣት አልከለክልህም፤ ግን መጀመሪያ ለንስሐ አባትህ ሁሉንም ሳትደብቅ ንገር፣ የልጁን ሳይሆን ያንተን። ትምህርት ቤት መቀየር፤ አታድርገው፤ ፊደል የማይቆጠርበት ትምህርት ቤት የለም። ሽማግሌ፤ አትላክ። ሽማግሌ ከላክህ ተሰብስበው «ቤትሽን አታፍርሺ» ይሏታል፤ ቤቱን ያፈረሰው ሌላ፣ ጠግኚ የምትባለው እሷ። ሐኪም፤ አዎ፣ ግን በቅድሚያ ላንተ። በመንግሥት ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ፤ ስለ መጠጡም ስለ እጅህም እዚያ ተናገር። አንተ ለወራት በቀጥታ ከሄድክ በኋላ ልጁንም የሕፃናት ባለሙያ ቢያየው መልካም ነው። ከባለቤትህ ጋር አብራችሁ ምክር ልትገቡ ብታስብ ግን ለአሁኑ ተወው፤ አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ እሷ እውነቱን መናገር አትችልም። ማታ አብረሃት ነው የምትገባው።

ከሁሉ በፊት ግን ከቤት ውጣ። እሷ ልጆች አንጠልጥላ እናቷ ዘንድ ከምትሄድ፣ አንተ ወንድምህ ወይም ጓደኛህ ዘንድ ሂድ። ልጆቹ አልጋቸውን፣ ትምህርት ቤታቸውን፣ ጎረቤታቸውን ይዘው ይቆዩ። የወር ወጪውን ሳትቀንስ፣ ሳትለመን ላክ። ስንት ጊዜ ብለህ አትጠይቀኝ፤ መመለስህንና አለመመለስህን የምትወስነው እሷ ናት። እናቷ ዘንድ መሄድን ከመረጠችም በሩ ላይ አትቁም። ሕጉ ምን እንደሚል ደግሞ እወቀው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ በኃይል ድርጊት የሚደርስ የአካልም ሆነ የአእምሮ ጤና ጉዳትን ያስቀጣል። «የባልና የሚስት ጠብ ነው» የሚል የሕግ አንቀጽ የለም።

ከመውጣትህ በፊት፣ ሳትጠጣ፣ በቀን፣ እናታቸው ከተስማማች፣ ልጆቹን አነጋግራቸው። ቃሉን ልስጥህ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ቃል ከአባትህ አልሰማህም። «እናታችሁን መትቻታለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እናንተ አላጠፋችሁም፤ እሷም አላጠፋችም። እንዳልደግመው እርዳታ ለማግኘት እሄዳለሁ፤ ለጊዜው ሌላ ቤት ነው የማድረው።» በቃ። አታልቅስባቸው፤ ካለቀስክ ልጅቷ አንተንም ማባበል ትጀምራለች። ይቅር በሉኝ አትበላቸው፤ ልጅ ይቅር አልልም ማለት አይችልም። ኬክና ብስክሌት ገዝተህ አትግባ። ሳሙኝ ብለህ ጉንጭህን አትስጥ፤ ሲፈልጉ ይመጣሉ። ስልክ ስትደውል «እናታችሁ ምን አለች?» ብለህ ልጅቷን ሰላይ አታድርጋት። ልጅ የራሱን ጥፋት የሚፈልግ ፍጥረት ነው፤ ሳህን ስለሰበርኩ ነው፣ ስላለቀስኩ ነው ይላል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ካንተ አፍ መስማቱ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት ያስፈልገዋል።

የልጁ አስተማሪ ጋም ሂድና እውነቱን ንገራት። ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እኔ ስለዚያች ስለ ቁልፏ ተማሪዬ ማንም ስላልነገረኝ ዓመት ሙሉ ስቆጣት ከረምኩ። ልጁ በጋራ ፊደል ሲቆጠር አይገደድ። በሩ አጠገብ ይቀመጥ፣ ሲፈልግ ውጭ ይውጣ። ቤት ውስጥ እናቱ ፊደልን ከጩኸት ታላቅቅለት፤ ትሪ ላይ ጥቂት ዱቄት ትበትንና በጣቱ «ሀ»ን ይሣል፣ ያጥፋው፣ እንደገና ይሣል። ድምፅ አያስፈልግም። አንድ ፊደል በአንድ ቀን፣ ፀሐይ ሳለ፣ በር ተከፍቶ። ይህንን ከፈሩ ልጆች ጋር ሞክሬው ጠቅሞኛል፤ ወራት ግን ይፈጃል። ይመታል ብላችሁ እንዳትመቱት አደራ።

ሴት ልጅህን ከዘበኝነት ሥራዋ አሰናብታት። «ወንድምሽን መጠበቅ የእኔና የእናትሽ ሥራ ነበር፤ አንቺ ልጅ ነሽ፣ ታች ወርደሽ ተጫወቺ» በላት። መጀመሪያ አትወርድም። ትወርድና ቶሎ ቶሎ ቀና ብላ መስኮቱን ታያለች። አይዟችሁ፣ ጊዜ ስጧት። ከወላጆቿ ውጭ የምታምነው አንድ አዋቂ ፈልጉላት፤ አክስት፣ አያት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፣ ማንም ይሁን፣ ግን የማይለዋወጥ። እንዲሁ ያልኩት አይደለም። ኤሚ ወርነር የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር ሃዋይ ውስጥ በካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን እስከ ጉልምስናቸው ተከታትላለች። በድህነት፣ በቤት ጠብ፣ በወላጅ መጠጥ ውስጥ ካደጉት ከፍተኛ ችግር ካለባቸው ልጆች መካከል አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቁ፣ በራሳቸው የሚተማመኑ፣ ለሰው የሚያዝኑ ሆነው አደጉ። በነዚህ ልጆች ሕይወት ውስጥ ተደጋግሞ የተገኘ አንድ ነገር ነበር፤ ቢያንስ አንድ የሚወዳቸውና የማይከዳቸው አዋቂ። ልጆችህ አልጠፉም። አሁን ያላቸው እንዲህ ያለ ሰው እናታቸው ናት፤ አንተ የምትመታት።

አሁን ደግሞ፣ ይህ ቤት የእኔን ቤት ይመስላል ብለሽ የምታነቢ እኅቴ፣ ጥቂት ለአንቺ። ለልጆችሽ ስትይ መቆየትሽን አልነቅፍም፤ ያለብሽን አደጋ ከእኔ በላይ አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ ለመሄድ በሚሰናዱበት ሰሞን ዱላ እንደሚብስም ብዙ ሴቶች በራሳቸው አይተውታል። ስለዚህ ለመሄድ ካሰብሽ አስቀድመሽ አትናገሪ። መታወቂያሽን፣ የጋብቻና የልጆች ልደት ምስክር ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የተወሰነ ገንዘብ ከቤት ውጭ በምታምኚው ሰው እጅ አኑሪ። ስትመቺ ሐኪም ጋ ሄደሽ ጉዳቱ ተጽፎ ይቀመጥ። አደጋው እዚያው ላይ ከሆነ 991 ለፖሊስ ደውዪ፤ በፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የሚከታተሉ ባለሙያዎችን ጠይቂ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለተጎዱ ሴቶች ያለ ክፍያ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ደግሞ ከልጆችሽ ጋር የምታርፊበት ቦታ አለው። ቤቱን ለቅቆ የሚወጣው የግድ አንቺ አይደለሽም። በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 82 መሠረት፣ የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆች አያያዝና ቀለብ ወዲያው ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከባልና ሚስት አንዱ ከቤት እንዲወጣ ሲወስንም የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን መመልከት አለበት።

ልጅሽ በሩን ዘግታ ስታስቆጥር ሰምተሻት እንደሆነም ታውቂያለሽ። ነገ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ እሱ ሳይገባ፣ አጠገብሽ አስቀምጫትና እንደሰማሻት ንገሪያት።